ካሊ ሊኑክስን ከመክፈትዎ በፊት፦ ዋይፋይና ደህንነቱን ለኮሌጅ ተማሪ ማስተማር

ጥያቄ፦ «አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ መምህርት ነኝ። በዚህ ሴሚስተር የገመድ አልባ ኔትወርክና ደህንነት ኮርስ ተሰጥቶኛል። ተማሪዎቼ 40 ይጠጋሉ። ላብ ውስጥ 20 የቆዩ ኮምፒዩተሮችና ሁለት አሮጌ ራውተሮች አሉ። ኢንተርኔቱም መብራቱም አያስተማምንም። ተማሪዎቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ‹ዋይፋይ ሃክ ማድረግ መቼ ነው የምንማረው?› ይሉኛል። ካሊ ሊኑክስ (የሃኪንግ መሣሪያዎች የተሰባሰቡበትን ሲስተም) ጭኜ በእሱ ልጀምር ወይስ ሃንድአውቱን ይዤ በቲዎሪ ልሂድ? ደግሞ ከሕግ ጋር እንዳልጣላ እፈራለሁ።»

መልስ፦

መምህርት፣ መልሴን በአጭሩ ላስቀድም። በካሊ አይጀምሩ። በሃንድአውቱ ብቻም አይሂዱ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ የራሳቸውን ኔትወርክ በእጃቸው ይሥሩ። ከዚያ በአየር ላይ የሚያልፈውን ፍሬም፣ ማለትም ዋይፋይ ዳታ የሚልክበትን ጥቅል፣ ቁጭ ብለው ያንብቡ። ቀጥለው ያንኑ የሠሩትን ኔትወርክ ይስበሩት፤ በመጨረሻም ይጠግኑት። ሴሚስተሩ ሙሉ በአንድ ኔትወርክ ላይ ይለቅ። ይህን የምለው ሁለት ራውተር ብቻ ስላለዎት አይደለም። ሃያ ቢኖርዎትም ምክሬ ይኸው ነው።

ተማሪዎቹ «ሃክ መቼ ነው?» ማለታቸውን እንደ ጥፋት አይዩባቸው። ጉጉት ነው። ጉጉት የሌለው ክፍል ማስተማር ከዚህ በጣም ይከብዳል። ችግሩ ካሊን በመጀመሪያው ቀን ሲከፍቱላቸው የሚመጣው ነው። ዩቲዩብ ላይ ያዩትን ትእዛዝ አንድ በአንድ ይገለብጣሉ። ከሠራ ያጨበጭባሉ። ካልሠራ ግን ጉዳዩ ካርዱ ይሁን፣ ቻናሉ ይሁን፣ ራውተሩ ይሁን የሚያውቅ የለም። እንዲህ የተማረ ልጅ ሥራ ሲገባ አለቃው «ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዋይፋዩ ለምን ይቆራረጣል?» ሲለው መልስ ያጣል። ሆቴሉም፣ ክሊኒኩም፣ ባንኩም በየቀኑ የሚጠይቁት ደግሞ ይህንኑ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ቃል ይግቡላቸው። «ፓስዎርድ መስበር ትማራላችሁ። የምትሰብሩት ግን ራሳችሁ የሠራችሁትን ኔትወርክ ነው» ይበሏቸው። ቃልዎንም ይጠብቁ። ቀኑን በኮርስ አውትላይኑ ላይ ይጻፉት፤ ተማሪ ቀኑን ካየ ይታገሣል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ለአየሩ ይስጡ። አብዛኛው ተማሪ አንድሮይድ ስልክ አለው። በዙሪያው ያሉ ዋይፋዮችን ከነቻናላቸውና ከነሲግናል ጥንካሬያቸው የሚያሳይ ነፃ አፕ ይጫኑ። ኮሌጅዎ አራት ኪሎ መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው። በእግር በሚደረስበት ርቀት ሁሉም ዓይነት ግንባታ አለ። ግድግዳው የወፈረ የድሮ የድንጋይ ቤት አለ። ጣሪያውም አጥሩም ቆርቆሮ የሆነ ግቢ አለ። ወደ ካዛንቺስ ሲወርዱ ፊቱ በመስታወት የተሸፈነ ፎቅ አለ። ቤቱ ልደታ ኮንዶሚኒየም የሆነ ተማሪ ካለ ደግሞ የደረጃውን እያንዳንዱን ፎቅ ለክቶ ይምጣ። ቆርቆሮ ሲግናሉን መልሶ ያንጸባርቃል። ብረት ነክ ሽፋን ያለው መስታወት ለዓይን ግልጽ ሆኖ ሲግናሉን ክፉኛ ያዳክማል። ይህን በስላይድ ከማየት በገዛ ስልክ ለክቶ ማግኘት ይሻላል።

ከመውጣታቸው በፊት ግን የልኬቱን ነገር ግቢ ውስጥ ይጨርሱ። አንዱን ራውተር ገላጣ ቦታ ላይ ያስቀምጡ። ተማሪዎቹ በ1 ሜትር፣ በ2፣ በ4፣ በ8 ሜትር ላይ ቆመው ቁጥሩን ይጻፉ። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ሲግናሉ ወደ 6 ዲቢ (የሲግናል ልዩነት የሚለካበት) ገደማ ይወርዳል። ስልኩ የተያዘበት አቅጣጫና የሰው ገላ ቁጥሩን ስለሚያዛቡት ውጤቱ ልክ አይመጣም። ልክ አለመምጣቱም ራሱ ትምህርት ነው። የ40 ተማሪ ልኬት ሰብስበው ግራፍ ላይ ሲያስቀምጡት መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ዲቢኤም የሚባለው መለኪያ ብዙ ተማሪ የሚደናገርበት ቦታ ነው። እዚህ ጋ አይቸኩሉ። ዜሮ ዲቢኤም ማለት አንድ ሚሊዋት ነው። 3 ዲቢ ሲቀንስ ኃይሉ ግማሽ ይሆናል። 10 ዲቢ ሲቀንስ አንድ አሥረኛ ይሆናል። ለጥሪ የሚበቃ ጥሩ ሲግናል የሚባለው ወደ −67 ዲቢኤም ነው። ተማሪዎቹ ይህን ወደ ሚሊዋት ይቀይሩት። የሚያገኙት የአንድ ሚሊዋት አምስት ሚሊዮንኛ ነው። ስልካቸው በዚህች ኃይል ቪዲዮ እንደሚያወርድ ሲገባቸው ለሬዲዮ ያላቸው አክብሮት ይለወጣል። ወደ −80 ሲጠጋ ግንኙነቱ እንዳለም እንደሌለም ይሆናል።

ቀጥሎ ቻናል። በ2.4 ጊጋኸርትዝ የአንዱ ቻናል መሃል ከሚቀጥለው የሚርቀው 5 ሜጋኸርትዝ ብቻ ነው። አንድ ዋይፋይ ግን ወደ 20 ሜጋኸርትዝ ይይዛል። ስለዚህ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚሠሩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ተማሪዎቹ አፑን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሲከፍቱ ሦስቱም ተጨናንቀው ያያሉ። አንድ ብልጥ ጎረቤት ደግሞ «ባዶ ነው» ብሎ 3 ላይ ገብቷል። እዚህ ላይ ቆም ብለው ይጠይቋቸው። ከጎረቤት ጋር አንድ ቻናል መጋራት ይሻላል ወይስ መሃል ላይ መግባት? አብዛኛው «መሃል ላይ» ይላል። ትክክሉ ግን መጋራት ነው። አንድ ቻናል ላይ ያሉ መሣሪያዎች አንዱ የሌላውን ፍሬም ስለሚሰሙ ተራ ይጠባበቃሉ። መሃል ላይ የገባው ግን ለ1ም ለ6ም ጫጫታ ብቻ ነው፤ ማንም የሚለው አይገባውም፤ ሁሉንም ይረብሻል።

ተራ መጠበቁን ለማስረዳት የእድር ስብሰባን ያንሱላቸው። በአንድ ጊዜ የሚናገር አንድ ሰው ነው። ቀስ ብሎ የሚናገር አንድ ሽማግሌ ከተነሣ ፈጣኑም ሁሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ከራውተሩ ርቆ በዝቅተኛ ፍጥነት የሚያወርድ ስልክም የሁሉንም ጊዜ የሚበላው በዚሁ መንገድ ነው። ይህ የገባው ተማሪ «ፓኬጁ 20 ሜጋ ነው፣ ለምን ዘገየ?» ለሚል ደንበኛ መልስ አለው።

ለዚህ የእግር ጉዞ አንድ ደንብ ያስቀምጡ። ራውተር ስሙን በሰከንድ 10 ጊዜ ገደማ ለሁሉም ያሰራጫል። ያንን ማየት ማንኛውም ስልክ የሚያደርገው ነው። ከማየት አልፎ ግን የማንንም ዋይፋይ ለመቀላቀል መሞከር ክልክል ነው። ሪፖርታቸው ላይም የኔትወርኮቹን ስም በቁጥር ይተኩት። ብዙ ሰው ራውተሩን በራሱ ስም ወይም በስልክ ቁጥሩ ይሰይማልና።

አሁን ወደ ላብዎ። ሁለት ራውተር ለ40 ተማሪ አይበቃም የሚለው ስጋትዎ ትክክል ነው። መፍትሔው ግን ነፃ ነው። በሊኑክስ እምብርት (ከርነል) ውስጥ ማክ80211 ኤችደብሊው ሲም የሚባል ሞጁል አለ። ይህ ሞጁል ምንም ካርድ ሳይኖር የዋይፋይ ሬዲዮዎችን በሶፍትዌር ይፈጥራል። በእነሱ ላይ ሆስትኤፒዲ የሚባለውን ፕሮግራም አስነሥተው አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም ዋይፋይ የሚያሰራጭ ጣቢያ፣ ይሠራሉ። ደብሊውፒኤ ሰፕሊካንት የሚባለው ደግሞ ደንበኛ ሆኖ ይገናኛል። ሁሉም በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ያልቃል። በቨርቹዋል ማሽንም ይሠራል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ከሁሉም በላይ ወደ ውጭ የሚወጣ ሲግናል ስለሌለ ተማሪ ቢሳሳት የጎረቤት ካፌ ዋይፋይ አይነካም። እኔ በአንድ ኮርስ አንድ መሣሪያ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው። ድካሙ የሬዲዮውን ባሕርይ፣ ማለትም ርቀትንና ግድግዳን፣ እንደ እውነተኛው አየር አለማሳየቱ ነው። ለዚያ ደግሞ ግቢው አለልዎት።

ሁለቱ ራውተሮች የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ይሁኑ። አንዱ ላይ ኦፕን ደብሊውአርቲ የሚባለውን ነፃ የራውተር ሶፍትዌር መጫን ከቻሉ ጥሩ ነው። ከመጫንዎ በፊት ሞዴሉንና ከጀርባው የተጻፈውን የሃርድዌር ቨርዥን ከድጋፍ ዝርዝሩ ጋር ያስተያዩ። ሞዴሉ አንድ ሆኖ ቨርዥኑ ሲለያይ ውስጡ ሌላ ዕቃ ነው። 4 ሜጋባይት ፍላሽና 32 ሜጋባይት ራም ብቻ ያላቸው የድሮ ራውተሮች አዲሱን ቨርዥን አይችሉም። መርካቶ ያገለገለ ራውተር የሚገዙ ከሆነ 16 ሜጋባይት ፍላሽና 128 ሜጋባይት ራም ያለው ይፈልጉ። ፍሬም የሚያዳምጥ የዩኤስቢ ዋይፋይ ካርድ ከገዙ ደግሞ የሚጠይቁት የካርዱን ብራንድ ሳይሆን የቺፑን ስም ነው። አቴሮስ ኤአር9271 የቆየ ነው፤ 2.4 ላይ ብቻ ይሠራል። ለማስተማር ግን እስከ ዛሬ አስተማማኝ ነው። ለክፍሉ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል።

ፍሬም ማንበብ የኮርሱ ልብ ነው። ፍሬም ይዞ የሚያሳየውን ዋየርሻርክ የተባለ ፕሮግራም በየኮምፒዩተሩ ይጫኑ። በዋየርሻርክ ድረ ገጽ ላይ ለልምምድ የተቀመጡ ፋይሎች አሉ። ከነሱ አንዱ ኮሄረር የሚባል ኔትወርክ የተቀዳበት ነው፤ ፓስዎርዱ ኢንዳክሽን ነው። ፋይሉን በፍላሽ ያከፋፍሉ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ያለ ፓስዎርድ ይክፈቱት። ውስጡ የማይነበብ ነው። ከዚያ ፓስዎርዱን በዋየርሻርክ ሴቲንግ ውስጥ ያስገቡ። የተመሰጠረው ሁሉ ይገለጣል። ሦስተኛው ሙከራ ወሳኙ ነው። ራውተሩና ደንበኛው ሲገናኙ የሚለዋወጧቸውን አራት የሃንድሼክ መልእክቶች ከፋይሉ አውጥተው በድጋሚ ይሞክሩ። ፓስዎርዱ ትክክል ሆኖ ሳለ አይከፈትም።

ለምን? መልሱን ወዲያው አይንገሯቸው። ይከራከሩበት። ደብሊውፒኤ2 በሚባለው የዋይፋይ ምስጠራ ደረጃ ላይ ዳታውን የሚመሰጥረው ፓስዎርዱ ራሱ አይደለም። ከፓስዎርዱና ከኔትወርኩ ስም አንድ ዋና ቁልፍ ይወጣል። ራውተሩና ስልኩ ሲገናኙ እያንዳንዳቸው አንድ የዘፈቀደ ቁጥር ይለዋወጣሉ። ከዋናው ቁልፍ፣ ከሁለቱ ቁጥሮችና ከሁለቱ መሣሪያዎች አድራሻ የዚያ ግንኙነት ብቻ የሆነ ቁልፍ ይሠራል። ቁጥሮቹ የሚገኙት ሃንድሼኩ ውስጥ ነው። ሃንድሼኩን ያልሰማ ሰው ፓስዎርዱን ቢያውቅም ያንን ግንኙነት አይከፍተውም። የሰማ ግን ይከፍተዋል። ይህ ማለት ፓስዎርዱ ግድግዳ ላይ በተለጠፈበት ካፌ ውስጥ፣ እርስዎ ሲገናኙ ያዳመጠ ሌላ ደንበኛ የዋይፋዩን ምስጠራ ማለፍ ይችላል። የሚያድነው ኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም ድረ ገጹ ወይም አፑ ራሱ የሚያደርገው ምስጠራ፣ ነው። የባንክ አፕ ሰርተፊኬት ላይ ማስጠንቀቂያ ሲያሳይ «እሺ» ብሎ ማለፍ የሌለብን ለዚህ ነው። ተማሪዎቹ ይህን ሲረዱት ቤተሰባቸውን የሚያስተምሩበት ነገር ያገኛሉ።

አሁን ጥቃቱ በራሱ ይመጣል። ሁለተኛው የሃንድሼክ መልእክት ስልኩ ፓስዎርዱን እንደሚያውቅ የሚያረጋግጥ ፊርማ አለው። አጥቂው ያንን ፊርማ ይዞ ቤቱ ይሄዳል። አንድ ፓስዎርድ ይገምታል። ቁልፉን ያሰላል። ፊርማው ይገጥም እንደሆነ ያያል። ካልገጠመ ሌላ ይገምታል። ከራውተሩ ጋር መገናኘት አያስፈልገውም። ያንን ግምት ውድ ለማድረግ ደረጃው እያንዳንዱን ፓስዎርድ 4,096 ዙር ያስፈጫል። የኔትወርኩ ስምም አብሮ ስለሚፈጭ፣ ስሙን እንደነበረው የተወ ሰው ቀድሞ ለተሰላ ሰንጠረዥ ይጋለጣል።

እዚህ ላይ ለአዲስ አበባ ልጅ ከሁሉ የሚበልጠውን ምሳሌ ያምጡ፦ ስልክ ቁጥርን ፓስዎርድ ማድረግ። ሰፈር ውስጥ ምን ያህል እንደተለመደ እነሱም ያውቁታል። አሥር አኃዝ ስለሆነ ጠንካራ ይመስላል። ነገር ግን በ09 ወይም በ07 እንደሚጀምር ሁሉም ሰው ያውቃል። ለእያንዳንዱ መነሻ የሚቀረው ስምንት አኃዝ ነው፤ 100 ሚሊዮን ቁጥር። የላብዎ አሮጌ ኮምፒዩተር በሰከንድ 2,000 ቢሞክር 100 ሚሊዮኑን በ14 ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። ጥሩ የጌም ግራፊክስ ካርድ ግን በሰከንድ በመቶ ሺዎች ይሞክራል። በሰከንድ 400,000 ብለው ያሰሉት። 250 ሰከንድ ይመጣል። አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ማለት ነው። ቀጥለው በዘፈቀደ የተመረጡ 12 ትንንሽ የላቲን ፊደላትን በዚያው ፍጥነት ያሰሉ። ከ7,000 ዓመት በላይ ይወጣል። ሒሳቡን በካልኩሌተር ራሳቸው ይሥሩት። ይህ ስሌት ከየትኛውም ማስጠንቀቂያ በላይ ያሳምናል። ማታ ቤቱ ገብቶ የራውተሩን ፓስዎርድ የሚቀይር ተማሪ ያገኛሉ።

በተግባሩ ክፍል፣ እያንዳንዱ ቡድን በሶፍትዌር በሠራው ኔትወርክ ላይ አጭር የቁጥር ፓስዎርድ ያድርግ። ሌላው ቡድን ሃንድሼኩን ይዞ ይስበር። ኤርክራክ የሚባለውን ፓስዎርድ የሚገምት መሣሪያ አሁን ይክፈቱላቸው። እያንዳንዱ ትእዛዝ ምን እንደሚያደርግ ስለሚያውቁ ሲከሽፍም ምክንያቱን ይፈልጋሉ። ከዚያ ያንኑ ኔትወርክ ወደ ደብሊውፒኤ3 ይቀይሩትና ይድገሙት። አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ይህ ደረጃ አጥቂው ግምቱን ከራውተሩ ጋር በቀጥታ እንዲሞክር ያስገድደዋል። የተቀዳ ፊርማ ቤት ወስዶ መፍጨት ቀርቷል። ፓስዎርዱን በኋላ ያወቀ ሰውም ትናንት የተቀዳውን አይከፍተውም። እ.ኤ.አ. በ2019 በዚህም ላይ ተመራማሪዎች ክፍተቶች አግኝተዋል፤ ተጠግነዋል። ይህንን አይደብቋቸው።

ዌፕ የሚባለውን የድሮ የዋይፋይ ምስጠራ ዝለሉት የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ዌፕ እ.ኤ.አ. ከ1997ቱ የመጀመሪያ የዋይፋይ ደረጃ ጋር የመጣ ነው። ዛሬ የሚጠቀመው ቢያጡም ለማስተማር እጅግ ጥሩ ነው፤ የሚሰበርበት ምክንያት በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃልና። ለእያንዳንዱ ፍሬም የሚለዋወጠው ቁጥር 24 ቢት ብቻ ነው። ወደ 16.8 ሚሊዮን ምርጫ አለው። ብዙ ይመስላል። ግን ሁለት ተመሳሳይ ቁጥር የመገናኘት ዕድሉ 50 በመቶ የሚደርሰው በ5,000 ፍሬም አካባቢ ነው። ይህን ለማሳመን የክፍሉን ተማሪዎች የልደት ቀን ይጠይቁ። 40 ተማሪ ካለ ሁለቱ በአንድ ቀን የተወለዱ የመሆናቸው ዕድል 89 በመቶ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ተመራማሪዎቹ ፍሉረር፣ ማንቲንና ሻሚር ከዚህም የከፋ ድክመት አሳዩ። በአሜሪካ ቲጄኤክስ የተባለው የሱቅ ድርጅት ግን ከዓመታት በኋላም ዌፕን ይጠቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ በሆነው ጥሰት ቢያንስ 45.7 ሚሊዮን የባንክ ካርድ መረጃ ተሰረቀበት። «አሮጌ ቢሆንም ይሠራል» ለሚል አለቃ የሚነገር ታሪክ ነው።

ሌሎቹን ጥቃቶች በፍጥነት ይለፉ። ደብሊውፒኤስ የሚባለው ስልክን በቀላሉ የማገናኛ የራውተር ዘዴ ባለ 8 አኃዝ ፒን አለው። የመጨረሻው አኃዝ ማረጋገጫ ነው። ራውተሩ ደግሞ ፒኑን ለሁለት ከፍሎ ያረጋግጣል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2011 እንደታወቀው ከፍተኛው ሙከራ 10,000 ሲደመር 1,000 ነው። ይህን በሰሌዳ ላይ ማሳየት ይበቃል፤ «ቤታችሁ ዝጉት» ብለው ይለፉ። ስልክን ከዋይፋይ የሚያባርረው የሐሰት መልእክት የሚሠራው ግንኙነቱን የሚያስተዳድሩት (ማኔጅመንት) ፍሬሞች ፊርማ ስላልነበራቸው ነው። መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ2009 ወጣ። ደብሊውፒኤ3 ግዴታ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪው ማቲ ቫንሁፍ ያወጣው ክራክ የተባለ ጥቃት ደግሞ ደረጃው ራሱ ሃንድሼኩ ላይ ስህተት እንደነበረው አሳየ። ስልክን አፕዴት ማድረግ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ሁለት የተለመዱ እምነቶችንም ያፍርሱላቸው። የኔትወርክ ስም መደበቅ አይጠብቅም። ስልኩ ሲገናኝ ስሙን በግልጽ ይጠራዋል። በማክ አድራሻ፣ ማለትም በመሣሪያው መለያ ቁጥር፣ ማጣራትም አይጠብቅም። አድራሻው በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ ሳይመሰጠር ተጽፏል። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ደግሞ ስልኮች አድራሻቸውን ስለሚቀያይሩ ማጣራቱ የሚያስቸግረው ባለቤቱን ራሱን ነው።

ሕጉን በተመለከተ መፍራትዎ ተገቢ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትንም፣ ያለ ፈቃድ የዳታ ግንኙነትን መጥለፍንም ወንጀል አድርጎታል። «ለመማር ነው» ማለት ፈቃድን አይተካም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ ሰብስቦ ማስቀመጥን ይመለከታል። ስለዚህ ከላቡ በፊት አንድ ገጽ የፈቃድ ወረቀት ያዘጋጁ። የትኛው ኔትወርክ፣ የትኞቹ መሣሪያዎች ከነአድራሻቸው፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሆነ ይጻፍበት። ዲኑ ይፈርም። የኮሌጁ አይቲ ኃላፊ ይፈርም። እያንዳንዱ ተማሪም ይፈርም። የኮሌጁን የራሱን ዋይፋይ ጨርሶ አይንኩት። በእውነተኛ ካርድ ሲያዳምጡ በራስዎ ራውተር አድራሻ ያጣሩ፤ የጎረቤቱ ፍሬም ዲስክ ላይ እንዳይቀር። የማባረሪያውን መልእክት በሶፍትዌር ሬዲዮዎቹ ላይ ብቻ ያሳዩ። ተማሪ በሥራ ሕይወቱም ይህንን ወረቀት ይፈልገዋል። ደህንነት የሚፈትሽ ባለሙያ ያለ ፊርማ አይጀምርም።

መብራት ሲሄድ ክፍሉ እንዳይቆም ሁሉንም ነገር ቀድመው ያውርዱ። ፕሮግራሞቹ፣ የቨርቹዋል ማሽኑ ፋይል፣ የተቀዱት ፍሬሞች በሁለት ፍላሽ ላይ ይኑሩ። ላፕቶፕ ያላቸው ተማሪዎች በየቡድኑ ይበተኑ። ለራውተሩ ትንሽ የራውተር ዩፒኤስ ይገዛል፤ ቮልቱ 9 ይሁን 12 ከራውተሩ ጀርባ አንብበው ይምረጡ። የመማሪያ ሰሌዳ ሒሳቦቹን፣ የልደት ቀኑንና የስልክ ቁጥሩን ስሌት፣ መብራት ለጠፋበት ቀን ያስቀምጧቸው።

ለመጨረሻ ፕሮጀክት ጥቃት አይስጡ፤ ንድፍ ይስጡ። አንድ ቡድን ፈቃደኛ የሆነ ትንሽ ድርጅት ያግኝ። ካፌ ቢሆን፣ ፋርማሲ ቢሆን፣ የሰፈር ክሊኒክ ቢሆን ግድ የለም። ሲግናሉን ይለኩ። ቻናል ይምረጡ። የእንግዳውን ዋይፋይ ከገንዘብ መቀበያው ኮምፒዩተር ይለዩ። እንግዶች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ያድርጉ። ከተቻለ ለሠራተኞቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መግቢያ የሚኖራቸውን በራዲየስ (የእያንዳንዱን ሰው መግቢያ በሚያረጋግጥ ሰርቨር) የሚሠራ አማራጭ በወረቀት ይንደፉ። ሪፖርቱ ባለቤቱ በሚገባው አማርኛ ሁለት ገጽ ይሁን። ባለቤቱ አንብቦ ያልገባውን ሪፖርት ነጥብ ይቀንሱበት። ከኮርሱ ሁሉ ተማሪዎቹን ለሥራ የሚያዘጋጃቸው ይህ ነው ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

ለፈተናው አንድ ጥያቄ ላቀብልዎ። ራውተሩ ላይ አንድ ፓስዎርድ፣ ስልኩ ላይ በአንድ ፊደል የተለየ ሌላ ፓስዎርድ ያስገቡና ሙከራውን በዋየርሻርክ ይቅዱ። ፋይሉ ላይ የሃንድሼኩ አንደኛና ሁለተኛ መልእክት ደጋግመው ይታያሉ። ሦስተኛው አይመጣም። ፋይሉን ያለ ምንም ማብራሪያ ይስጧቸውና «ይህ ደንበኛ ለምን አልተገናኘም?» ብለው ይጠይቁ። ሲግናል ደካማ ነው የሚል ይኖራል። ራውተሩ ተበላሽቷል የሚል ይኖራል። ራውተሩ የሁለተኛውን መልእክት ፊርማ አስልቶ ስላልገጠመለት መቀጠል እምቢ እንዳለ የጻፈውን ተማሪ ሙሉ ነጥብ ይስጡት።